ፎቶግራፍ በመተማ መንገድ፤ ከመስታወት ሰሌዳ እስከ ዲጂታል ካሜራ



በዛሬው ንግግራችን ስለ ፎቶግራፍ ጥበብ አመጣጥና ስለ መሣሪያው አመራረጥ ጥቂት ቃል ለመናገር አስበናል። ለነገራችንም ማስረጃ እንዲሆን የመረጥነው የመተማንና የምዕራብ ጎንደርን ቆላ ነው። ይህንን መምረጣችን ያለ ምክንያት አይደለም። ፎቶግራፍ በብርሃን የሚሠራ ጥበብ ስለ ሆነ፣ ፀሐይ በበረታበትና ሙቀትና አቧራ በጸናበት አገር የመሣሪያው ድካምና ብርታት ከሌላው ስፍራ ይልቅ ተገልጦ ይታያል። ከዚህም በላይ ይህ ቆላ ለአገራችን ታሪክ አንዱ በር ነው፤ ነጋዴም፣ መልእክተኛም፣ ጦርም፣ ስደተኛም አልፎበታል። ዘመን በምንጠቅስበት ጊዜ የአገራችንን አቆጣጠር ዓመተ ምሕረት ብለን ለይተን እንናገራለን፤ የቀረው ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የፎቶግራፍ ጥበብ በፓሪስ ከተማ ለዓለም የተገለጠው በ1839 ሲሆን፣ የሉዊ ዳጌር ሥራ ነበር። በ1851 ደግሞ ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር የተባለው እንግሊዛዊ በመስታወት ሰሌዳ ላይ ፎቶግራፍ የሚነሣበትን ዘዴ አወጣ። ዘዴውም እንደዚህ ነው፤ መስታወቱ በመድኃኒት ይቀባል፣ በብር ውሕድ ውስጥ ይነከራል፣ ሳይደርቅም ወደ ካሜራው ገብቶ ሥዕሉ ይነሣበታል፣ ወዲያውም በጨለማ ድንኳን ውስጥ ይታጠባል። መስታወቱ የደረቀ እንደ ሆነ ሥዕሉ ጠፋ ማለት ነው። እንግዲህ የዚያ ዘመን ፎቶግራፍ አንሺ ካሜራውን ብቻ ሳይሆን ድንኳኑን፣ ጠርሙሱን፣ መስታወቱንና ውኃውን ሁሉ በበቅሎና በግመል ጭኖ መሄድ ነበረበት። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በመተማ ቆላ እንዲህ ያለውን ሥራ መሥራት ምን ያህል አድካሚ እንደሚሆን አድማጭ ራሱ ሊገምተው ይችላል።

በአገራችን ፎቶግራፍ ካነሡት ቀደምት ሰዎች አንዱ ሄንሪ ስተርን የተባለው ሚሲዮናዊ ነው። ይህ ሰው በ1860 በሱዳን በኩል አድርጎ ወደ ጎንደር አገር ዘለቀ። በዚያ ዘመን ከሱዳን ወደ ጎንደር የሚያወጣው ዋናው የንግድ መንገድ በመተማና በጭልጋ በኩል የሚያልፈው ነበር። ስተርን በ1862 ስለ ጉዞው መጽሐፍ አሳተመ፤ በመጽሐፉም ውስጥ በስፍራው የተወሰዱ የሰውና የአገር ሥዕሎች ተቀርጸው ይገኛሉ። ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ትውልድ የጻፈው ቃል ንጉሠ ነገሥቱን አስቆጣና ለእስራት አበቃው። እርሱንና ሌሎቹን እስረኞች ለማስፈታት የተላከው ሆርሙዝድ ራሳምም በ1865 በኅዳር ወር መተማ ደርሶ ከዚያ ወደ ንጉሡ ሰፈር ወጣ።

ነገሩ በመልእክተኛ ሳያልቅ ቀርቶ የእንግሊዝ ጦር በመጣ ጊዜ፣ የጦሩ መሐንዲሶች የፎቶግራፍ ክፍል ይዘው ነበር። እነርሱም ካርታ በፎቶግራፍ እያባዙ ለመኮንኖች ያድሉ፣ አገሩንም መቅደላንም ያነሡ ነበር። ልዑል ዓለማየሁም በዚያው በ1868 ወደ እንግሊዝ ተወስዶ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በተባለችው ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ ተነሥቷል። አባቱ ግን በሕይወት ሳሉ የተነሡት የታወቀ ፎቶግራፍ የለም። ከቋራ ቆላ ተነሥተው ለዘውድ የበቁትን የእኒያን ታላቅ ሰው መልክ፣ ካረፉ በኋላ በእርሳስ የሣለው ከጦሩ ጋር የመጣው ሪቻርድ ሆልምስ ነው። የልጁ መልክ በብርሃን ተቀርጾ ሲቀር፣ የአባቱ መልክ በባዕድ እጅ፣ ያውም ከሞት በኋላ የተሣለ ሆኖ ቀረ። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ፤ ሥዕልን የሚያቆየው መሣሪያው በእጁ ያለ ሰው ነው፤ ምን እንደሚታወስና ምን እንደሚረሳም ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው እርሱ ነው።

የመተማ ጦርነትም እንዲሁ ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓመተ ምሕረት ከደርቡሾች ጋር በመተማ ተዋግተው ቆሰሉ፤ በማግሥቱም ዐረፉ። ከተማዪቱ እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ እየተባለች በስማቸው ትጠራለች። ከዚያ ውጊያ አንድ ዓመት አስቀድሞ፣ በ1888፣ ጆርጅ ኢስትማን አንድ መቶ ሥዕል የሚያነሣውን የመጀመሪያውን የኮዳክ ካሜራ በአሜሪካ ለገበያ አውጥቶ ነበር። መሣሪያው በዓለም ላይ ነበረ ማለት ነው፤ ነገር ግን የመተማን ውጊያ ለልጅ ልጅ ያስተላለፉት የጸሐፊ ብዕር፣ የሠዓሊ ቡርሽና የአዛውንት አንደበት ናቸው።

ከዚያ በኋላ ጥበቡ ወደ አዲስ አበባ ገብቶ ሥር ሰደደ። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በ1905 ገደማ መጥቶ የዐፄ ምኒልክ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹም ሥራውን ወርሰው እስከ 1974 ቆዩ። የፎቶግራፍ ቤቶችም በየከተማው ተከፈቱ። ሆኖም ፎቶግራፍ ቤት የሚቆመው ከተማ ባለበት ስለ ሆነ፣ በቋራና በመተማ ቆላ የሚያርሰው፣ ከብት የሚያረባውና ሰሊጥ የሚያጭደው ሕዝብ ለረጅም ዘመን ሥዕሉ ሳይነሣ ኖረ።

ይህንን ሁኔታ የለወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው በ1925 ለገበያ የዋለው፣ በኦስካር ባርናክ የታሰበው ላይካ የሚባለው ትንሽ ካሜራ ነው። የፊልሙ መጠን 24 በ36 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ ይህም መለኪያ እስከ ዛሬ የካሜራዎች ሁሉ ማነጻጸሪያ ሆኖ ቀርቷል። ሁለተኛው ዲጂታል ካሜራ ነው። በ1969 ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጠውን ሰሌዳ ፈለሰፉ፤ ለዚህም ሥራቸው በ2009 የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። በ1975 ስቲቨን ሳሰን በኮዳክ ኩባንያ ውስጥ የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ ሠራ። ሥዕሉ የተሠራው ከ10,000 ነጥቦች ብቻ ሲሆን፣ አንዱን ሥዕል በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሴኮንድ ይፈጅ ነበር። በ1999 ኒኮን 2.7 ሚሊዮን ነጥብ ያለውን ካሜራ አወጣ፤ በ2003 ደግሞ ካነን ሌንሱ የሚለዋወጥ ዲጂታል ካሜራ ከ1,000 ዶላር በታች ለመሸጥ ቻለ። እነሆ የስተርን ዘመን ድንኳን፣ መስታወትና መድኃኒት ሁሉ በአንድ እጅ በሚያዝ ዕቃ ውስጥ ተጠቃለለ።

የዚህ መሣሪያ ጥቅም በምዕራብ ጎንደር ቆላ ውስጥ በግልጥ የታየበት አንድ ታሪክ አለ። በቋራ ወረዳ፣ ከሱዳኑ የዲንደር ፓርክ ጋር የሚዋሰነው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1998 ዓመተ ምሕረት ተቋቋመ፤ ስፋቱም 2,665 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የአካባቢው ሰዎች በዚያ በረሃ አንበሳ እንዳለ ይናገሩ ነበር፤ የውጭ አገር ሊቃውንት ግን ማረጋገጫ ስላላገኙ በአንበሳ አገርነት ሳይመዘግቡት ቆዩ። በኋላ ሐንስ ባወር የሚባሉት የአንበሳ ተመራማሪ በዚያ አገር ዲጂታል ካሜራዎችን አጠመዱ። ይህ ዓይነቱ ካሜራ ትንሽ ነው፤ ሌንሱም ተራ ነው፤ ትኩስ ገላ ያለው ፍጡር በፊቱ ሲያልፍ ሙቀቱን ለይቶ በራሱ ጊዜ ሥዕል ያነሣል። በዚህም መንገድ የአንበሶቹ ሥዕል ተገኘ፤ ዱካቸውም ተረጋገጠ። በ2016 በየካቲት ወር ነገሩ ለዓለም ሲነገር፣ በአልጣሽና በዲንደር በአንድነት ከ100 እስከ 200 አንበሳ ሊኖር እንደሚችል ተገመተ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንረዳለን። ቃሉ ያልታመነለት የአገር ሰው በፎቶግራፍ ምስክርነት እውነተኛ ሆኖ ተገኘ፤ ይህ አንድ ነው። ሁለተኛውም፣ ይህንን ያደረገው ዋጋው ሰማይ የነካ ካሜራ ሳይሆን ለሥራው የሚስማማ፣ በተገባው ቦታም የቆመ መሣሪያ ነው። ስለዚህ ካሜራ ለመግዛት የሚያስብ ሰው በመጀመሪያ ራሱን መጠየቅ ያለበት «የትኛው ይበልጣል?» ብሎ ሳይሆን «ምን ላነሣበት ነው?» ብሎ ነው። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል እንደሚባለው፣ ሥራውን ሳያውቅ መሣሪያ የሚገዛ ሰው ሁለት ጊዜ ይገዛል።

ብዙ ሰው የሚታለለው በነጥብ ብዛት፣ ማለት በሜጋፒክስል ነው። 24 ሚሊዮን ነጥብ ያለው ካሜራ በወርዱ 6,000፣ በቁመቱ 4,000 ነጥብ አለው። ይህም በጥሩ ጥራት ሲታተም 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሥዕል ይወጣዋል። ለቤት ግድግዳም ለመጽሐፍም ከበቂ በላይ ነው። ከነጥቡ ቁጥር ይልቅ የብርሃን ተቀባዩ ሰሌዳ ስፋት መታየት አለበት። 36 በ24 ሚሊ ሜትር የሆነው ትልቁ ሰሌዳ በምሽት ብርሃን የጠራ ሥዕል ይሰጣል፤ ነገር ግን ዋጋውም ክብደቱም ይበዛል። 24 በ16 ያህል የሆነው መካከለኛው ሰሌዳ ረከስና ቀለል ይላል፤ የሌንሱንም እይታ በአንድ ተኩል ያህል እጥፍ ያጠብበዋል፤ ይኸውም የ300 ሚሊ ሜትር ሌንስ እንደ 450 ሆኖ ይሠራል ማለት ነው። ለአውሬና ለወፍ አንሺ ይህ ጥቅም ነው።

ሌንስ ከካሜራው ይልቅ ዕድሜ አለው፤ ካሜራው በጥቂት ዓመት አርጅቶ ሲለወጥ ጥሩ ሌንስ ብዙ ዘመን ያገለግላል። ስለዚህ ገንዘብ የሚያንሰው ሰው ከካሜራው ቆጥቦ ለሌንሱ ቢያወጣ ይሻለዋል። ከ24 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ያለው ሌንስ ለገበያ፣ ለቤት ውስጥና ለሰፊ ሜዳ ይሆናል፤ 50 ሚሊ ሜትር ለሁሉም ይበጃል፤ 85 እና 100 የሰውን ፊት ሳያጣምም ያነሣል፤ ከ300 በላይ ያለው ለዱር አራዊት ነው። በሌንሱ ላይ የተጻፈው የቀዳዳው ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ 2.8 የሚለው 4 ከሚለው ሁለት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ለጀማሪ ግን ቁጥሩ 1.8 የሆነ ርካሽ የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ብዙ ትምህርት ይሰጠዋል።

በቆላው አገር ሲሠሩበት ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በቀትር ጊዜ ከምድር የሚነሣው ወላፈን በረጅም ሌንስ የሚታየውን ነገር ሁሉ ያንቀጠቅጠዋል፤ ይህንንም የትኛውም ውድ ሌንስ አያድነውም፤ መድኃኒቱ በማለዳ መውጣት ነው። የካሜራው የብርሃን መለኪያ ደግሞ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ይገምታል፤ ስለዚህ ነጭ ጀለቢያ ወይም ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው ሲያነሡ ልብሱን ለማደብዘዝ ሲል ፊቱን ያጠቁረዋል። ይህ የሰውየው የመልክ ጉድለት ሳይሆን የመሣሪያው አለማወቅ ስለ ሆነ፣ በመደመር ምልክቱ አንድ ደረጃ ብርሃን መጨመር፣ ወይም ሰውየውን ከዛፍ ጥላ ሥር ማቆም ይገባል። የታጨደው ሰሊጥ በነዶ ቆሞ በሚደርቅበት ወራት አቧራው ብዙ ነውና ሌንስ ሲለውጡ የካሜራውን አፍ ወደ ምድር አድርጎ ፈጥኖ መለወጥ፣ በክረምትም ሌንሱን ሻጋታ እንዳይበላው እርጥበት ከሚመጥ ነገር ጋር ማስቀመጥ፣ በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥም አለመተው መልካም ነው።

ከመሣሪያው ጥንቃቄ የሚበልጠው ግን ለሰው የሚደረገው ጥንቃቄ ነው። በሱዳን በ2023 በሚያዝያ ወር ጦርነት በተነሣ ጊዜ እጅግ ብዙ ሕዝብ በመተማ በኩል ወደ አገራችን ገባ። ቤቱን ጥሎ የመጣን ሰው መልክ ሳያስፈቅዱ ማንሣት፣ የቀረለትን ክብር እንደ መውሰድ ይቆጠራል። እንግዳን የሚያከብር ሕዝብ በካሜራውም እንግዳን ያከብራል፤ ከረጅም ሌንስ ይልቅ ቀርቦ ሰላምታ መስጠትና ፈቃድ መጠየቅ የተሻለ ሥዕል ያስገኛል።

በመጨረሻም ስለ አጠባበቅ አንድ ቃል እንናገራለን። የመሐንዲሶቹ የ1868 ሥዕሎች እስከ ዛሬ የሚታዩት በወረቀት ታትመው፣ ስማቸው ተጽፎ በቤተ መጻሕፍት ስለ ተቀመጡ ነው። በ2018 «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም የወጣው መጽሐፍም ሊዘጋጅ የቻለው የአዲስ አበባ ቤተሰቦች የቆየ ፎቶግራፋቸውን ጠብቀው ስላቆዩ ነው። ዲጂታል ሥዕል ግን በአንድ ጣት ይነሣል፤ በአንድ ጣትም ይጠፋል። ስለዚህ የመረጡትን ሥዕል በሁለት ልዩ ልዩ ስፍራ መገልበጥ፣ ከሁሉም የላቀውን በወረቀት ማሳተም፣ የሰውየውን ስም፣ የቦታውን ስምና ቀኑን መጻፍ ያስፈልጋል። ስምና ዘመን የሌለው ሥዕል ከሃምሳ ዓመት በኋላ ማን እንደ ሆነ የማይታወቅ መልክ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የቋራውን ጀግና መልክ በሕይወቱ ሳለ ያቆየልን የአገር ልጅ አልነበረም፤ መሣሪያውም አልነበረውም። ዛሬ ግን መሣሪያው በመተማና በገንዳ ውኃ ወጣቶች እጅ ገብቷል። የአባቶቻቸውን መልክ፣ የእርሻቸውን ወራት፣ የዱራቸውን አራዊት አስተውለው ቢያነሡና ቢጠብቁ፣ የሚመጣው ትውልድ የቆላውን ታሪክ ከባዕድ እጅ ሳይለምን ከቤቱ ያገኘዋል።