ቡናውን ማን ለቀመው?



በኅዳር ወር አንድ ማታ፣ ዒሻእ ተሰግዶ መስጂዱን ልንዘጋ ስንል አንድ ወጣት በሩ ላይ ቆሞ አገኘነው። ከዳውሮ በኩል ለቡና ለቀማ የመጣ ነው። ሙስሊም አይደለም፤ «መስጂድ ሂድ፣ ሒሳብ የሚያይልህ ሰው አታጣም» ብለውት ነው የመጣው። የተጨማደደች ወረቀት ዘረጋልን፤ በየቀኑ የለቀመው ኪሎ ተጽፎባታል። «ኡስታዝ፣ እስኪ ይደምሩልኝ፤ የሰጡኝ ብር ትንሽ መሰለኝ» አለ። ደመርነው። የሁለት ቀን ልፋቱ ጎድሏል። የቀጠረው ማን እንደሆነ ስንጠይቀው የሚጠራው ስም አልነበረውም፤ ወረቀቷም ላይ የለም። የእሱም ስም የለም። ያለው ቁጥር ብቻ ነው።

እኛ የጅማ ልጆች የቡና መገኛ መሆናችንን መናገር እንወዳለን። ሲኒ በተነሣ ቁጥር ታሪካችን ይነሣል። ያን ቡና ማን ተከለው፣ ማን ለቀመው፣ ምን ተከፈለው የሚለው ግን ብዙም አይነሣም። ዛሬ ኢንሻአላህ እሱን እናያለን። (ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሐሙስ በሂርማታ

አባ ጂፋር ዳግማዊ ጅማን ከ1878 እስከ 1932 መርተዋል። በ1884 ለምኒልክ በሰላም ገብረው አገራቸውን ከጥፋት አተረፉ፤ የውስጥ አስተዳደሩንም በእጃቸው አቆዩ። ቤተ መንግሥታቸው ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ ታላቁ ገበያቸው ደግሞ ከታች ሂርማታ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ሲራራ ነጋዴው ከየአቅጣጫው ይጎርፍበታል። የዛሬዋ ጅማ ከተማ የቆመችው እዚያው ገበያ ላይ ነው። ይህን በኩራት እናወራለን፤ ማውራትም ይገባናል።

ይሁን እንጂ በዚያ ገበያ የሚሸጠው ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅና ቡና ብቻ አልነበረም። ሰውም ይሸጥ ነበር። ከደቡብ በጦርነትና በአፈና የተወሰዱ ሰዎች በጅማ በኩል ያልፉ ነበር፤ ብዙዎቹም እዚሁ ቀርተው የንጉሡንና የባለጸጋውን ማሳ አርሰዋል። በ1897 የምኒልክ ጦር ከፋን ሲይዝ የጅማ ሠራዊትም አብሮ ዘምቶ ነበር።

ይህን የምንጽፈው አባቶቻችንን ለማዋረድ አይደለም። በዚያ ዘመን ባርነት በመላ አገሪቱ፣ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ቤት ነበር። ግን ባሪያ ነጻ ማውጣትን ከታላላቅ በጎ ሥራዎች የሚቆጥር ዲን ይዘን፣ ደስ የሚለንን ገጽ ብቻ እያነበብን ሌላውን ብናልፈው ታሪክ አወቅን ማለት አንችልም።

ነጻው ገበሬ በበኩሉ በደቦና በዳዶ ይሠራ ነበር። ደቦው ጎረቤት ጠርቶ፣ አብልቶ አጠጥቶ አብሮ መሥራት ነው። ዳዶው ወንፈል ነው፤ ዛሬ ለአንተ ነገ ለእኔ። እዚያ ደመወዝ የለም፤ ብድር አለ። ብድሩን ያልመለሰ ሰው መንደሩ ውስጥ ስሙ ይጠፋል። ስለዚህ የሠራውን ሰው ሁሉም ያውቀዋል።

ከበቅሎ ወደ መኪና፣ ከባርነት ወደ ጢሰኝነት

የጅቡቲው ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ከሩቅ አገር ቡና መጫን አዋጭ ሆነ። በ1932 ጅማ የራስ ገዝነቷን አጥታ በቀጥታ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ገባች። ከ1936 እስከ 1941 በነበረው የጣሊያን ወረራ መንገዱ ተሠራ፤ ካሚዮን መጣ። የበቅሎ ጫኚው፣ የሲራራው መሪ፣ መንገድ ዳር ስንቅ የምትሸጠው ሴት ሥራቸውን ቀስ በቀስ አጡ። ሾፌር፣ ረዳትና ወዛደር የሚባሉ አዲስ ሠራተኞች ተተኩ።

ባርነትን በከባድ ቅጣት የከለከለው አዋጅ የወጣው በ1942 ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ትልቅ ቀን ነበር። ግን ነጻ የወጣው ሰው ነጻነት እንጂ መሬት አልተሰጠውም። ከጦርነቱ በኋላ በ1950ዎቹ የቡና ዋጋ ሲወደድ በአጋሮ፣ በጎማና በሊሙ ቡና የሚያበቅል መሬት ላይ ሹሙም ነጋዴውም ዐይኑን ጣለ። ጫካ መንጥሮ ቡና የሚተክለው ጢሰኛ ሆነ፤ ከምርቱ ግማሽ ወይም ሲሶ ለባለመሬቱ ያስረክባል። በ1960ዎቹ፣ ጅማ ዋና ከተማው በሆነችበት በከፋ ጠቅላይ ግዛት፣ ከገበሬው ከግማሽ በላይ የሚሆነው በሰው መሬት የሚያርስ ነበር። ለቀማ ሲደርስ ደግሞ ከዳውሮና ከከምባታ በእግሩ የሚመጣ ሠራተኛ ይጨመራል። ለቅሞ ይሄዳል፤ የሚመዘግበው የለም።

መቅጠር ሲከለከል

በመጋቢት 1975፣ በእኛ የካቲት 25 ቀን 1967፣ የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ ተብሎ ታወጀ። ጢሰኝነት ቀረ። የጎማና የሊሙ ጢሰኛ አባቶቻችን ያን ቀን እንዴት እንደሚያነሡት ከእነሱ የሰማ ያውቃል። አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተወሰነ።

አዋጁ ሌላም ነገር ነበረው፤ አቅመ ደካማ፣ ባሏ የሞተባት ሴትና የመሳሰሉት ካልሆኑ በቀር በቅጥር ሠራተኛ ማሳረስን ከለከለ። ሐሳቡ ሰው ሰውን እንዳይበዘብዝ ነው። ቡና ግን በአንድ ጊዜ ይቀላል፤ የቤተሰብ እጅ ብቻውን አያደርሰውም። በክልከላው ጊዜ ለቃሚው ከሕግ ፊት ተሰወረ እንጂ መኖሩን አላቆመም። ተቀጥሮ እንኳ ተበደልኩ ቢል የሚከሰው የለም፤ መቀጠሩ ራሱ ጥፋት ነውና። ትልልቆቹ እርሻዎች በሊሙና በጎማ የመንግሥት ሆኑ፤ እዚያ ቢያንስ የደመወዝ ቀንና መዝገብ ነበር። በኋላ እነሱም ወደ ግል ተዛወሩ።

በ1989 የዓለም የቡና ኮታ ስምምነት ፈረሰ። በ2001 ገደማ የዓለም ዋጋ በ30 ዓመት ውስጥ ታይቶ ወደማያውቅ ደረጃ ወረደ። ብዙ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ በዓመት ደጋግሞ የሚቆረጠውን ጫት ተከለ። የወደቀው ዋጋ ገበሬውን ሲመታ ለቃሚውን ደግሞ ጨርሶ ከሥራ አስወጣው።

ጅማ 5 እና ቀይ እሸት

ከእኛ ትልልቆቹ ያስታውሳሉ፤ በዓለም ገበያ የጅማ ስም የሚታወቀው «ጅማ 5» በሚባል ደረጃ፣ በርካሽ ቡና ነበር። መሬቱም ዝናቡም መልካም ሆኖ ስሙ ለምን ወረደ? አንዱ ምክንያት አለቃቀሙ ነው። የአንድ ቅርንጫፍ ፍሬ በአንድ ቀን አይቀላም። ጥሩ ቡና የሚፈልግ ሰው እዚያው ዛፍ ላይ ሦስት አራት ጊዜ ተመላልሶ ቀዩን ብቻ መልቀም አለበት። በኪሎ ብቻ የሚከፈለው ለቃሚ ግን ተመላልሶ ምን ያገኛል? ቅርንጫፉን መልምሎ አረንጓዴውንም ጥቁሩንም ያወርዳል። ስንፍና አይደለም፤ ሒሳብ ነው። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት 6 ኪሎ ያህል ቀይ እሸት ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ የሚለየው የሰው ጣት ነው።

ከዚያ በአጋሮ አካባቢ ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው የራሳቸውን መፈልፈያና ማጠቢያ ተከሉ፤ ቀይ እሸት ብቻ እንቀበላለን አሉ። በ2012 ከነዚህ አንዱ፣ የጎማው ዱሮሚና ማኅበር፣ በአፍሪካ የቡና ውድድር አንደኛ ወጣ። መሬቱ ያው ነው፣ ዛፉም ያው ነው። የተለወጠው የሥራው ሁኔታና የክፍያው መንገድ ነው።

ይህ የሚያስደስት ታሪክ ነው። ግን ትርፉ የሚከፋፈለው የማኅበሩ አባል፣ ማለትም ባለቡናው ነው። ወረቀት ይዞ በራችን ላይ የቆመው ልጅ አባል አይደለም።

የዛሬው ሥራ የእኛ ነው

እስካሁን ያየነው ይህ ነው፦ ባሪያው ነጻ ወጣ፤ መሬት አላገኘም። ጢሰኛው ባለመሬት ሆነ፤ ለቃሚው ከመዝገብ ጠፋ። ገበሬው ባለማኅበር ሆነ፤ ለቃሚው አሁንም ስም የለውም። በየለውጡ አንድ ሰው ቀና ሲል ከኋላው አንድ ሰው ይረሳል።

የከተማ ወጣት ደግሞ ለቀማን ንቆ ወደ ዓረብ አገር ያያል። እህቶቻችን ከአጋሮና ከሊሙ ሄደው በሰው ቤት ይሠራሉ። በ2013 መጨረሻ ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችንን ስትመልስ ደመወዛቸው የቀረባቸው ብዙዎች ነበሩ፤ ያን ጊዜ አለቀስን፣ ተቆጣን። እዚህ በደጃችን ላለው ለቃሚስ? የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲሰጥ በየደርሱ ሰምተነዋል። ባለቡና የሆኑት አባቶቻችንም ሰምተውታል።

የ2019 የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል። መልካም ነው፤ ግን የዘንድሮ ለቀማ እሱን አይጠብቅም። ከናንተ አብዛኞቹ ተምራችኋል፣ ስልክም ይዛችኋል። አባትህ ቡና ካለው በሚዛኑ ጎን አንተ ቁም። የለቃሚውን ስም ጻፍ፣ ኪሎውን በሁለት ወረቀት ጻፍ፣ አንዱን ለእሱ ስጠው። ቀዩን መርጦ ለለቀመ ጭማሪ ይኑረው። ማታ የት እንደሚያድር ጠይቅ።

ያን ልጅ በማግስቱ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ይዘነው ወደ ሚዛኑ ሄድን። ከብዙ ክርክር በኋላ የአንዱ ቀን ተከፈለው፤ የሌላው ቀን እንደጎደለ ቀረ። ሲሰናበተን ወረቀቷን ገልብጦ «ስሜን እዚህ ላይ ይጻፉልኝ» አለን። ጻፍንለት።

አላህ የሰውን ሐቅ ከሚጠብቁት ያድርገን። ወሏሁ አዕለም።