ዝገትና ዝለት፦ በሒሳብ መዝገብ የማይታየው ዕዳ

ፍሌሚንግደን ፓርክ ውስጥ የሚገኘው የኦንታሪዮ ሳይንስ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1969 ተከፍቶ በጁን 2024 በድንገት ተዘጋ። የተሰጠው ምክንያት የጣሪያው ጠፍጣፎች አስጊ መሆናቸውን የሚገልጽ የመሐንዲሶች ሪፖርት ነበር። ውሳኔው ተገቢ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ክርክር ዛሬም አልበረደም። ለፖሊሲ አጥኚ ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ግንባታዎች በዝምታ ሲያረጁ ኪሳራው በማን መዝገብ ይሰፍራል የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የከበደ መልስ የሰጠው በኦሃዮ ወንዝ ላይ በ1928 የተከፈተው ሲልቨር ድልድይ ነው። ድልድዩ የተንጠለጠለው በሽቦ ገመድ ሳይሆን ጫፋቸው በተበሳ የብረት ዘንጎች በተያያዘ ሰንሰለት ነበር። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ የነበሩት ዘንጎች ሁለት ብቻ ስለነበሩ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ሸክሙን ብቻውን ሊችል አይችልም። ዲሴምበር 15 ቀን 1967 ድልድዩ ተደርምሶ 46 ሰዎች አለቁ። መንስኤው በአንድ ዘንግ ቀዳዳ ውስጥ ዝገትና ጫና ተባብረው ያሳደጉት፣ ጥልቀቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ስንጥቅ ነበር። መጋጠሚያው ካልተፈታ በቀር ስንጥቁን ማየት አይቻልም ነበር።

የነገሩ ሳይንስ ቀደም ብሎ ታውቋል። ጀርመናዊው አውጉስት ቮለር በ19ኛው ክፍለ ዘመን የባቡር አክስሎችን መርምሮ፣ ብረት አንድ ጊዜ ቢጫንበት የሚችለው ሸክም ሲደጋገምበት ሊሰብረው እንደሚችል አሳየ። ይህ ዝለት ይባላል። በደረቅ አየር ውስጥ ያለ ብረት ከተወሰነ ጫና በታች እስከሆነ ድረስ ለረጅም ዘመን ሳይሰበር ይኖራል። በጨው ውኃ ውስጥ ግን ያ የደኅንነት ወለል ይጠፋል፤ ዝገት የሚቦረቡራቸው ጉድጓዶች የስንጥቅ መነሻ ይሆናሉ፤ ትንሹም ጫና በጊዜ ብዛት ይገድላል።

በባሕር ላይ የነዳጅ ማውጫዎችን አስረው የሚይዙ ሰንሰለቶች የሚነደፉት ይህንን ታሳቢ በማድረግ ነው። በተለመደው የንድፍ ስሌት የሰንሰለት ዕድሜ በጫናው ሦስተኛ ርቢ ይቀንሳል። ስለዚህ ዝገት ከውፍረቱ አንድ አሥረኛውን ብቻ ቢበላ ሸክሙን የሚሸከመው ስፋት በ19 በመቶ ያንሳል፤ የቀሪው ዕድሜ ግን ወደ ግማሽ ይወርዳል። የጉድጓዶቹ ጉዳት ገና አልተጨመረም። ለዚህም ነው መሐንዲሶች በየዓመቱ ለሚበላው ብረት አስቀድመው ትርፍ ውፍረት የሚያክሉት። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ይህ የእርጅና ተቀናሽ ነው፤ ልዩነቱ ግን በቀጥታ መስመር አለመሄዱ ነው። የዘገየ ጥገና ዋጋ ከዓመት ዓመት እየፈጠነ ይንራል።

ከሲልቨር ድልድይ አደጋ በኋላ አሜሪካ የድልድዮችን ምርመራ በሕግ ደነገገች፤ በ1971 ብሔራዊ መመዘኛ ወጣ፤ በየሁለት ዓመቱ መመርመርም ግዴታ ሆነ። ትምህርቱ ለእኛም ቅርብ ነው። በዓባይ ሸለቆ በ2008 በጃፓን እርዳታ የተመረቀው የሕዳሴ ድልድይ በብረት ገመዶች የተወጠረ ነው። በባሕር ዳር በ2024 የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው ድልድይም እንዲሁ በገመድ ይታገዛል። አገራችን ባሕር ባይኖራትም ክረምትና እርጥበት አላት፤ የጭነት ተሽከርካሪም በየዕለቱ ያልፍባቸዋል።

ኢትዮጵያ በ1997 የመንገድ ፈንድን ስታቋቁም ጥገና የራሱ ገቢ እንዲኖረው መወሰኗ አስተዋይነት ነበር። ቀጣዩ እርምጃ ለእያንዳንዱ ታላቅ ድልድይ የምርመራ መዝገብ መክፈትና ውጤቱን ለሕዝብ ይፋ ማድረግ ይመስለኛል። ለምረቃ ሪባን የሚቆርጥ አይጠፋም፤ በመጋጠሚያ ውስጥ ያለ ስንጥቅ ለሚፈልግ ግን የሚያጨበጭብ የለም። ስለዚህ በጀቱ በጭብጨባ ሳይሆን በሕግ መጠበቅ አለበት። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ጉዳይ ነው።