ከፌዝ የተወለዱ ስሞች

የሥዕል ኤግዚቢሽን ዜና ስንጽፍ እንደ ሚጥሚጣ ነስነስ የምናደርጋቸው ቃላት አሉን፤ “ኢምፕሬሽኒስት”፣ “ኩቢዝም”፣ “ኮላዥ”፣ “አብስትራክት”። ትርጉማቸውን የጠየቀን አርታኢ ስላልነበረ ተመስገን ብለን ኖረናል። በቀደም ግን አንድ ወጣት ሠዓሊ ዜናችንን አንብቦ፣ “ቆይ፣ ኩቢዝም ያላችሁት የቱን ሥዕሌን ነው?” ሲለን የምንገባበት ጠፋን። እውነቱን ለመናገር ሥዕሉ ላይ አራት ማዕዘን ነገር ስላየን ነበር እንዲያ ያልነው።

ታዲያ በእልህ ማንበብ ጀመርን። ያገኘነው ነገር ደግሞ ይበልጥ አሳፈረን፤ ከእነዚህ ስሞች አንዳንዶቹን ያወጡት ሠዓሊዎቹ ሳይሆኑ እንደኛው ያሉ ጋዜጠኞች ናቸው። ያውም ለመሳለቅ! (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይሏል።)

ነገሩ የሚጀምረው ፓሪስ ነው። በዚያ ዘመን አንድ ሠዓሊ ስሙ እንዲታወቅ “ሳሎን” በሚባለው ትልቅ ኤግዚቢሽን መቅረብ ነበረበት፤ ለመቅረብ ደግሞ የዳኞቹን በጎ ፈቃድ ማግኘት። በዚህ የተሰላቹት እነ ሞኔ፣ ሬኗር፣ ደጋና ቤርት ሞሪዞ በኤፕሪል 1874 ፎቶግራፍ አንሺው ናዳር በለቀቀው ስቱዲዮ ውስጥ የራሳቸውን ኤግዚቢሽን ከፈቱ። ሞኔ ካቀረባቸው ሥዕሎች አንዱ የለ አቭር ወደብን በማለዳ የሚያሳይ ነበር። ርዕሱ “ኢምፕሬሽን፣ የፀሐይ መውጣት” ይላል። ኢምፕሬሽን ማለት እዚህ ላይ አንድ ነገር በመጀመሪያ እይታ የሚያሳድርብን ስሜት ነው።

ሉዊ ለርዋ የተባለ ጸሐፊ “ለ ሻሪቫሪ” በተሰኘ የፌዝ ጋዜጣ ላይ ይህቺን ርዕስ ይዞ ቡድኑን በሙሉ “ኢምፕሬሽኒስቶች” ሲል ቀለደበት። ሥዕሉ ካላለቀ የግድግዳ ወረቀት እንኳ ያነሰ ነው አለ። ሠዓሊዎቹ ምን አደረጉ? በ1877 ሦስተኛ ኤግዚቢሽናቸውን ሲከፍቱ ስሙን ራሳቸው ተቀበሉት።

ለርዋ “ያላለቀ” ያለው ነገር ግን ምክንያት ነበረው። ቀድሞ የተበጠበጠ የዘይት ቀለም የሚቀመጠው በአሳማ ፊኛ ውስጥ ነበር፤ ይፈሳል፣ ይደርቃል። በ1841 ጆን ራንድ የሚባል አሜሪካዊ ሠዓሊ ቀለም የሚያዝበትን የብረት ቱቦ በስሙ አስመዘገበ። ዛሬ የጥርስ ሳሙና እንደምንጨምቅበት ዓይነት ማለት ነው። ቱቦው ቀለምን ከቤት አውጥቶ ሜዳና ወደብ ላይ ለመሥራት አመቸ። ውጭ ደግሞ ብርሃን አይጠብቅም፤ ደመና ሲያልፍ ሁሉ ነገር ይለወጣል። ስለዚህ እጅ ይፈጥናል፣ የብሩሽ ምቱ ያጥራል። ፌዘኛው ያየው ጥድፊያውን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላም ጋዜጠኞች አላረፉም። በ1905 ሉዊ ቮሴል የተባለ ሃያሲ የእነ ማቲስና ደራን ደማቅ ሥዕሎች በተሰቀሉበት ክፍል መሐል አንድ ጨዋ ሐውልት ቆሞ ቢያይ፣ ዶናቴሎ አውሬዎች መሐል ገባ እንደማለት ጻፈ። አውሬ በፈረንሳይኛ “ፎቭ” ነው፤ ፎቪዝም ከዚያ መጣ። ይኸው ሰውዬ በ1908 ብራክ ሁሉን ነገር ወደ ኩብ እንደሚለውጥ ጻፈና ለኩቢዝም ስም መነሻ ሆነ።

ኮላዥ ግን ከፌዝ አልመጣም። “ኮሌ” ከሚለው የፈረንሳይኛ ግስ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ መለጠፍ ነው። በ1912 ፒካሶ የወንበር ሽመና የታተመበት የላስቲክ ጨርቅ ሸራው ላይ ለጠፈና ዙሪያውን በገመድ አሰረው። ብራክም በዚያው ዓመት እንጨት የሚመስል የግድግዳ ወረቀት ለጠፈ። ስሙ እጅ የሠራውን ስለሚናገር ማንም ይገባዋል።

“አብስትራክት”ስ? ገብረ ክርስቶስ ደስታ ጀርመን፣ ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስና በ1960ዎቹ ሥራዎቹን አዲስ አበባ ውስጥ ሲያሳይ፣ “ይሄ የኛ ነው ወይስ የፈረንጅ?” የሚል ክርክር ተከትሎት ነበር። ዛሬ ክርክሩም ቀርቶ ቃሉ በኛ አፍ “አልገባኝም” ማለት ሆኗል። ከላቲን የመጣው ሥረ ትርጉሙ ግን መነጠል ነው፤ ሠዓሊው ከሚታየው ነገር ቀለሙን፣ መስመሩን ወይም ቅርጹን ነጥሎ ሲያወጣ ማለት። ስለዚህ “ምንድን ነው?” ብለን ከምንሸሽ “ምኑን አስቀረ? ምኑን ተወ?” ብለን ብንጠይቅ ይሻላል።

ለርዋ ራሱም ሠዓሊ ነበር። የሳለውን ዛሬ የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ ቀልዱን ግን ሁሉም ያውቃል። የጋዜጠኛ ዕጣ እንዲህ ከሆነ ለኛም ያስፈራል። እናም ባለፈው ቅዳሜ ወደ ወጣቱ ሠዓሊ ተመልሰን ይቅርታ ጠየቅነው። አራት ማዕዘኖቹ ለካ ተቀዳደው የተለጠፉ አሮጌ ጋዜጦች ነበሩ፤ ኮላዥ! ጠጋ ብለን የኛን ጽሑፍ ፈለግን። አላገኘነውም። እግዜር ይስጠው።