መሪ የማይጨብጥ ነጂ፦ የባቡር ነጂነት ሙያ በአትባራ፣ በድሬዳዋና በገዳሪፍ

የመኪና ነጂ መሪ ይጨብጣል። መንገዱ ቢበላሽ ጥሶ ያልፋል፤ ከብት ቢገባበት ይጠመዝዛል፤ ቢጠፋበትም ተመልሶ ይጠይቃል። የባቡር ነጂ ግን መሪ የለውም። ሐዲዱ ወደ ወሰደው ይሄዳል። በእጁ ያሉት ፍጥነትና ፍሬን ብቻ ናቸው። ከኋላው ብዙ መቶ መንገደኛ ወይም ብዙ ሺህ ኩንታል እህል ይጎተታል፤ ያ ሁሉ ክብደት ደግሞ ነጂው ቁም ባለው ቅጽበት አይቆምም። ስለዚህ ቀድሞ ማየት፣ ቀድሞ ማሰብ፣ ቀድሞም መወሰን አለበት። «ተለማማጅ ነጂ ሆኜ ልቀጠር» የሚል ማመልከቻ በየትኛውም የዓለም ክፍል በቀላሉ የማይታለፈው በዚህ ምክንያት ነው።

በሱዳንና በኢትዮጵያ ወሰን አካባቢ ግን የማመልከቻው ክብደት ከሙያው ክብደት ብቻ የመጣ አልነበረም። አመልካቹ የየት አገር ሰው እንደሆነ፣ የትኛውን ቋንቋ እንደሚናገርና በኪሱ የትኛውን ወረቀት እንደያዘ ይጠየቅ ነበር። የነጂነት ታሪክ የሙያ ታሪክ ቢሆንም፣ ባለቤትነት ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ የሚያሳይ ታሪክም ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያልተገናኙት ሐዲዶች

አፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት የባቡር ውል ሦስት ክፍል ነበረው። የመጀመሪያው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከእንጦጦ በከፋ በኩል እስከ ነጭ አባይ የሚዘልቅ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ የኢትዮጵያ ባቡር ገና በወረቀት ላይ ሳለ ወደ ሱዳን የመድረስ ሐሳብ ነበረው። በ1902 በአዲስ አበባ የተፈረመው የወሰን ውልም ለእንግሊዝ መንግሥት ሱዳንን ከኡጋንዳ የሚያገናኝ ባቡር በኢትዮጵያ መሬት ላይ የመሥራት መብት የሚሰጥ አንቀጽ ይዟል። ዛሬ ስለ ፋሽጋና ስለ ገላባት ወሰን በተነሣ ቁጥር የሚጠቀሰው ይኸው ውል በውስጡ የባቡር ሕልም መያዙን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው።

ሁለቱም ሕልሞች አልተፈጸሙም። የጅቡቲው ሐዲድ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደርሶ እዚያው ቆመ። በሱዳን በኩል እንግሊዞች በ1897 ከዋዲ ሐልፋ በረሃውን እያቋረጡ የዘረጉት የጦር ባቡር በ1899 መጨረሻ ከካርቱም ማዶ ደረሰ። ጣሊያኖች ከምፅዋ የጀመሩት ሦስተኛው ሐዲድ በ1911 አሥመራ ገብቶ በ1928 አቆርደት ደረሰ። ሦስቱ አልተገናኙም፤ ቢገናኙም ኖሮ አንዱ ባቡር በሌላው ሐዲድ ላይ መሄድ አይችልም ነበር። የኤርትራው ሐዲድ ስፋት 950 ሚሊ ሜትር፣ የጅቡቲው 1,000፣ የሱዳኑ 1,067 ነበርና። ነጂዎቹም እንደ ሐዲዶቹ ሦስት ዓለም ነበሩ፦ አንዱ የጣሊያንኛ፣ አንዱ የፈረንሳይኛ፣ አንዱ የእንግሊዝኛና የዓረብኛ።

የአትባራ መሰላል

የሱዳን ባቡር ዋና መሥሪያ ቤትና ትልቁ የጥገና ሥፍራ የሚገኘው አትባራ ወንዝ ከአባይ በሚቀላቀልበት በአትባራ ከተማ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የባቡሩ የሙያ ሥራ በእንግሊዞችና በግብፃውያን እጅ ነበር። በነሐሴ 1924 ግን በአትባራ የነበረው የግብፅ ጦር የባቡር ሻለቃ አመፅ አስነሣ፤ ተኩስ ተከፍቶ ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የግብፅ ጦር ከሱዳን እንዲወጣ በመደረጉ በባቡሩ ሥራ ላይ የሰው እጥረት ተፈጠረ። ለሱዳናውያን ወጣቶች የሙያው በር በሰፊው መከፈት የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው፤ የአትባራ የቴክኒክ ትምህርት ቤትም ለባቡሩ ሙያተኞችን ያፈራ ነበር።

በእንግሊዞች የባቡር ልማድ በአንድ ማመልከቻ ነጂ መሆን የለም። ወጣቱ መጀመሪያ የሚቀጠረው ሞተሩን ለማጽዳት ነው። ዘይትና ጥላሸት እየጠረገ የእያንዳንዱን ብረት ስምና ሥራ ይለያል። ቀጥሎ እሳት አንዳጅ ይሆናል። ሱዳናውያን ይህን ሰው «አተሽጂ» ይሉታል፤ ቃሉ እሳት ከሚለው የቱርክ ቃል የመጣ ነው። አንዳጁ በነጂው ጎን ቆሞ እሳቱን ይመግባል፤ የውኃውን ልክ ይጠብቃል። ውኃው ከልክ በታች ቢወርድ ጋኑ ሊፈነዳ ስለሚችል ይህ የልጅ ሥራ አይደለም። ዳገቱ የት እንደሚጀምር፣ ኩርባው የት እንደሚጠብ፣ እንፋሎቱን መቼ ማጠራቀም እንደሚገባ የሚማረው በእነዚያ የማንደድ ዓመታት ነው። ነጂ የሚሆነው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ዓይኑና ጆሮው ተመርምሮ፣ ቀይና አረንጓዴ መብራት ሳያሳስት መለየቱ ተረጋግጦ፣ ደንቡን በቃል ተጠይቆ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ብሂል ለዚህ ሙያ የተነገረ ይመስላል።

መሰላሉ ሥርዓትን ብቻ ሳይሆን አንድነትንም አስተማረ። የአትባራ ሠራተኞች በ1946 የሠራተኞች ጉዳይ ማኅበር መሠረቱ። በ1947 እውቅና ለማግኘት ሰልፍ ወጡ፤ በ1948 ደግሞ ከአንድ ወር በላይ የቆየ የሥራ ማቆም አድማ አደረጉ። የሱዳን የሠራተኛ ማኅበራት እንቅስቃሴ መነሻ ተደርጎ የሚቆጠረው ይህ ነው። ባቡሩ ካልተንቀሳቀሰ አገሩ እንደማይንቀሳቀስ ነጂውም አንዳጁም ያውቁ ነበር።

ሐዲዱ ገዳሪፍ ሲደርስ

የምሥራቁ መስመር የጋሽን ጥጥ ወደ ባሕር ለማውረድ ታስቦ ከሀይያ መገንጠያ ተነሣ። በ1924 ከሰላ ገባ፤ አትባራ ወንዝን ተሻግሮ በ1928 ገዳሪፍ፣ በ1929 ሰናር ደረሰ። ገዳሪፍ በዚህ የተነሣ ከአንድ በኩል ከፖርት ሱዳን፣ ከሌላ በኩል ከካርቱም ጋር በብረት ተሳሰረች። በ1940ዎቹ በትራክተር የሚታረሰው ሰፊ እርሻ ሲጀመር ማሽላውና ሰሊጡ በፉርጎ ተጭኖ ይወጣ ጀመር። በ1964 የአስዋን ግድብ ውኃ አገራቸውን ያጥለቀለቀባቸው የዋዲ ሐልፋ ኑባውያንም ወደ ከሽም አል ጊርባ የተጓዙት በባቡር ነበር። ያን ጊዜ ነጂዎቹ የጎተቱት የአንድ ሕዝብን ቤተሰብ፣ ጓዝና ትዝታ ነው።

ከገዳሪፍ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ዶካ፣ ወደ ገላባትና ወደ መተማ ግን ሐዲድ አልተዘረጋም። በአትባራና በሰቲት ወንዞች መካከል ያለው የፋሽጋ መሬትም የባቡር ፉጨት ሳይሰማ ቀረ። ከጎንደር በኩል ለሚመጣ መንገደኛ ገዳሪፍ ባቡርን መጀመሪያ የሚያይበት ከተማ ሆነች።

«ሾፌር» የሚለው ቃል ከየት መጣ?

በኢትዮጵያ በኩል የነጂነት ትምህርት ቤቱ ድሬዳዋ ነበር። የባቡሩ ትልቁ የጥገና ሥፍራ እዚያ ተተክሎ ከተማዋም በዙሪያው አደገች። የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር፤ ደንቡ፣ ምልክቱ፣ የመሣሪያው ስም ሁሉ በፈረንሳይኛ ነው። ስለዚህ ፈረንሳይኛ የማያውቅ ወጣት በሙያው ብዙ ርቆ መሄድ አይችልም ነበር።

የዚያ ዘመን አሻራ ዛሬም በአማርኛ ውስጥ ይኖራል። «ለገሃር» የፈረንሳዮቹ «ላ ጋር» (ጣቢያው) ነው። «ፉርጎ»ም የእነሱ ቃል ነው። ከሁሉ የሚገርመው ግን «ሾፌር» ነው። በፈረንሳይኛ ቃሉ በመጀመሪያ ትርጉሙ «የሚያሞቅ»፣ ማለት የእንፋሎቱን እሳት የሚያነድ ሰው ነበር፤ የባቡሩ ነጂ «መካኒሲየን» ይባል ነበር። መኪና ሲመጣ የአንዳጁ ስም ወደ መኪና ነጂ ተሻገረ። ዛሬ በገዳሪፍና በጎንደር መንገድ ላይ የሚጠራው ሾፌር ሁሉ ሳያውቀው የባቡር እሳት አንዳጅ ስም ወርሷል ማለት ነው። «ሐዲድ» ደግሞ በዓረብኛ ብረት ማለት ነው፤ ሱዳናውያን የባቡሩን መንገድ «ሲካ ሐዲድ»፣ የብረት መንገድ፣ ይሉታል። የሁለቱ አገሮች ሐዲዶች ባይገናኙም ቃላቸው ተገናኝቷል።

የአዋሽ አደጋ

ነጂን መምረጥና ማሠልጠን ለምን ይህን ያህል ይከብዳል ለሚል ሰው መልሱ በአዋሽ ድልድይ ላይ ይገኛል። በጃንዋሪ 1985 ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ይጓዝ የነበረ ፈጣን ባቡር በአዋሽ አጠገብ ካለው ኩርባ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ደረሰ። ፉርጎዎቹ ከድልድዩ ወደ ገደሉ ወደቁ። ከአራት መቶ በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በብዙ መቶ የሚቆጠሩም ቆሰሉ። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከደረሱት እጅግ አስከፊ አደጋዎች አንዱ ነው። አገሪቱ በረሃብ ላይ በነበረችበት በዚያ ወር ሐዘኑ በሐዘን ላይ ተጨመረ። መሪ የማይጨብጥ ነጂ ፍሬኑን በሰዓቱ ካልያዘ ሌላ መዳኛ እንደሌለው ይህ አደጋ ያሳያል።

ማመልከቻ በስደተኛ እጅ

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ጦርነት፣ ረሃብና የፖለቲካ ግድያ ያባረራቸው ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ወደ ምሥራቅ ሱዳን ገቡ። ኡም ራኩባ፣ ተዋዋ፣ ወድ ሸሪፌ የመሳሰሉት መጠለያዎች ስማቸው በየቤቱ የታወቀ ሆነ። ብዙዎቹ ስደተኞች በማሽላና በሰሊጥ እርሻ ላይ የቀን ሠራተኛ ሆኑ፤ ሌሎች ሻይ ሸጡ፣ በየጋራዡ ሙያ ተማሩ።

ባቡሩ ግን ለእነርሱ ሩቅ ነበር። በ1974 የወጣው የሱዳን የጥገኝነት ሕግ ስደተኛ ከተመደበለት ቦታ ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ ይከለክል፣ ሥራ ለመያዝም ፈቃድ እንዲያወጣ ያስገድድ ነበር። የነጂ ሥራ ደግሞ መውጣት ነው፤ ዛሬ ከሰላ፣ ነገ ሰናር፣ ከነገ ወዲያ ፖርት ሱዳን ማደር ነው። ከመጠለያው ለመራቅ ወረቀት የሚጠየቅ ወጣት የባቡር ነጂ ለመሆን ቢመኝ፣ ዓይኑ ከመመርመሩ በፊት መታወቂያው ይመረመራል። በሙያው መሰላል ላይ የማይታየው የመጀመሪያው እርከን ይህ ነበር፤ በጉልበትም በትምህርትም የማይወጣ እርከን።

የሙያው መድረቅና መትረፍ

እርከኑን የወጡትም ቢሆኑ ዕጣቸው አልቀናም። በ1980 ካርቱምን በገዳሪፍና በከሰላ በኩል ከፖርት ሱዳን የሚያገናኘው የአስፋልት መንገድ ሲጠናቀቅ የባቡሩን ጭነት የጭነት መኪና ወሰደው። ከ1989ኙ መፈንቅለ መንግሥት በኋላም በሺህ የሚቆጠሩ የባቡር ሠራተኞች «ለሕዝብ ጥቅም» በሚል ሰበብ ተባረሩ። በተባረሩት ልክ የሙያ ዕውቀትም አብሮ ወጣ፤ የምሥራቁም መስመር እየተዳከመ ሄደ። በኢትዮጵያም የአሮጌው ባቡር የአዲስ አበባና የድሬዳዋ አገልግሎት በ2000ዎቹ መጨረሻ ቆመ።

ሙያ እንዴት እንደሚተርፍ ያሳየችው ኤርትራ ናት። በጦርነቱ የፈረሰውን ሐዲድ መልሶ ለመትከል በ1990ዎቹ ሥራ ሲጀመር የተጠሩት በጡረታ ላይ የነበሩ፣ አንዳንዶቹም ሰባና ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው የድሮ ባቡረኞች ነበሩ። በ1930ዎቹ የተሠሩትን የእንፋሎት ሞተሮች አነሡ፤ ወጣቶችን በጎናቸው አቁመው አስተማሩ። ከምፅዋ እስከ አሥመራ ያለው መስመር በ2003 ተከፈተ። ሽማግሌዎቹ ባይጠሩ ኖሮ ሞተሮቹ የዝገት ክምር ሆነው በቀሩ ነበር።

በኢትዮጵያ አዲሱ ምዕራፍ የተጻፈው በቻይንኛ ነው። በ2015 የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር፣ በ2018 ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር የንግድ አገልግሎት ጀመሩ። በመጀመሪያ ሥራውን የመሩት ቻይናውያን ሲሆኑ ኢትዮጵያውያንና ጅቡቲያውያን ነጂዎች በጎናቸው ተለማመዱ፤ ወደ ቻይና ሄደው የሠለጠኑም አሉ። የጅቡቲው መስመር አስተዳደር በ2024 ለሁለቱ አገሮች ተላልፏል። በአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ሴቶችም በነጂነት ተቀምጠዋል፤ የአንዳጁ አካፋ በቀረበት ዘመን የነጂነት መመዘኛ የክንድ ጉልበት መሆኑ ቀርቷል። አስተማሪው ከፈረንሳዊ ወደ ቻይናዊ ቢለወጥም ጥያቄው ያው ነው፦ ተለማማጁ ከጎን ወንበር ወደ ዋናው ወንበር መቼ ይሸጋገራል?

በ2020 የአፍሪካ ልማት ባንክ አዲስ አበባን ከካርቱምና ከፖርት ሱዳን የሚያገናኝ 1,522 ኪሎ ሜትር ባቡር እንዲጠና ድጋፍ ሰጥቶ ነበር። በሚያዝያ 2023 በሱዳን የተነሣው ጦርነት ግን የምኒልክን ዘመን ሕልም እንደገና ወደ ሩቅ ገፋው፤ ገዳሪፍም ባቡር በመጠበቅ ፈንታ ተፈናቃይ ተቀባይ ሆነች። ሆኖም ያ ሐዲድ አንድ ቀን ከተዘረጋ፣ ወሰኑን የሚሻገር ነጂ የሁለቱንም አገር ምልክት ማንበብ፣ ከሁለቱም ጣቢያ ሹም ጋር መነጋገር ይኖርበታል። በቤቱ አማርኛ፣ በገበያው ዓረብኛ የሚናገረው የገዳሪፍ ልጅ ይህን ግማሽ ፈተና አሁኑኑ አልፏል። የቀረው ግማሽ የእርሱ ፈንታ አይደለም፤ ማመልከቻውን ተቀብሎ አስቀድሞ ዓይኑን፣ ከዚያ በኋላ ወረቀቱን የሚመረምር መሥሪያ ቤት ነው።