ከሱስ ማገገም፣ የሰፈር ክትትል (ገላን ኮንዶሚኒየም)

ከሱስ ሕክምና በኋላ በመኖሪያ ሰፈር የሚቀጥል ድጋፍ። በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ በአዲስ አበባ ደቡብ ጫፍ ለሚገኘው ገላን ኮንዶሚኒየም ርቀት ዋናው ችግር ነው፤ አንጋፋው የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ያለው መርካቶ አካባቢ ነው። ስለዚህ በ2002 ዓ.ም. የተጀመረው፣ ነርሶችን ቤት ለቤት የሚያሰማራው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ለዚህ ድጋፍ ጥሩ መነሻ ይሆናል።

የድጋፉ አስተባባሪ ከሁሉ በፊት ምስጢር ይጠብቃል፤ ደረጃው የጋራ በሆነበት ብሎክ ማን ማንን እንደጎበኘ ወዲያው ይታወቃል። ለረጅም ጊዜ አብዝቶ አረቄ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሊንቀጠቀጥ፣ ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ስለሚችል፣ ያለ ሐኪም «ተው» ማለት አደገኛ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላሉ መጠጥ መሸጥን ከልክሏል፤ ላገገመው ጎልማሳ ግን ሥራና የዕድር ወንበር የበለጠ ያስፈልጉታል። ያገረሸበትም ከድጋፉ አይሰረዝም።