የሞተር ሳይክል ውድድር ጓንት
የካንጋሮ ቆዳ፣ ፕላስቲክ፣ የኬቭላር ክር

ከሞተር ላይ የሚወድቅ ሰው ሳያስበው እጁን ወደ መሬት ይዘረጋል። ይህ ጓንት የተሠራው ለዚያች ቅጽበት ነው።

በመዳፉ ግርጌ ያለውን ጠንካራና ልሙጥ ፕላስቲክ ይመልከቱ። ቆዳ ብቻውን አስፋልት ሲነካ ይይዛል፤ እጅ ባለበት ሲቀር የሰውነት ክብደት ወደፊት ይገፋና የእጅ አንጓው ወደ ኋላ ይታጠፋል። ያኔ በአውራ ጣት ሥር ያለው ስካፎይድ የተባለ ትንሽ አጥንት ሊሰበር ይችላል። ደም በአብዛኛው የሚደርሰው ከአንድ ጫፉ ስለሆነ ስብራቱ ቶሎ አይድንም፤ አንዳንዴም ደም ያጣው ክፍል ይሞታል። ፕላስቲኩ እጁ እንዲንሸራተት ያደርጋል። በዚህ ጓንት ላይ ካሉት ብልሃቶች ሁሉ የሚልቀው ይህ ነው።

የካንጋሮ ቆዳ የተመረጠው ከላም ቆዳ ቀጥኖም መቀደድን ስለሚቋቋም ነው፤ ተወዳዳሪው ፍሬኑን በጣቱ ሊያዳምጠው ይገባል። ትንሿ ጣት ከቀለበት ጣት ጋር በቆዳ የተያያዘችው፣ ሰው መሬት ላይ ሲንሸራተት ተነጥላ እንዳትጠማዘዝ ነው።

ኢኤን 13594 የተባለው የአውሮፓ መስፈርት መዳፉን በፍጥነት በሚሽከረከር ብርጭቆ ወረቀት ይፈትናል፦ ለ1ኛ ደረጃ ቢያንስ 4፣ ለ2ኛ ደረጃ 8 ሰከንድ ሳይበሳ መቆየት አለበት። የጣት አንጓ መከላከያውም በ5 ጁል ኃይል ይመታል።

ከእጅ የሚወልቅ ጓንት ግን ምንም አያድንም። ጓንት ሲገዙ ማሰሪያውን ያጥብቁና ሌላ ሰው ጣቶቹን ይዞ እንዲጎትት ያድርጉ፤ ከወለቀ አይግዙት።