መድኃኒቱ ለውኃው ነው

ተማሪዎቼ የነበራችሁ «ቲቸር ምነው ጠፉ?» ብላችሁ ጽፋችሁልኛል። ታማሚ ይዤ ነው። ታማሚው ደግሞ ዓሣ ነው። አትሳቁ።

ልጄ ለትምህርት ውጭ አገር ስትሄድ አደራ ብላ የተወችልኝ አኳሪየም አለ። ውስጡ ካሉት ዓሦች አብልጣ የምትወደው ክላውን ሎች የሚባለውን ነው፤ ብርቱካናማ ሆኖ ሦስት ጥቁር መቀነት የታጠቀ ይመስላል። ስምንተኛ ክፍል እያለች ነው የገዛሁላት። በደንብ ከተያዘ ከ20 ዓመት በላይ የሚኖር ዓሣ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ጠዋት መብራቱን ሳበራ በጎኑ ተጋድሞ አገኘሁት። ሎች ጤነኛ ሆኖም እንዲያ ስለሚተኛ መተኛቱ አላስደነገጠኝም። ያስደነገጠኝ ደቃቅ ጨው የተነሰነሰበት የሚመስለው ሰውነቱ ነው። የነጭ ነጥብ በሽታ!

የታሪክ መምህር ሲጨንቀው ወደ ታሪክ ይሮጣል። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1849 ለንደን ውስጥ ሮበርት ዋሪንግተን የሚባል ኬሚስት ነበር፤ የሚሠራው በመድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር ቤት ነው። ይህ ሰው 54 ሊትር ገደማ በሚይዝ ዕቃ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ወርቃማ ዓሦችና የውኃ ተክል ጨመረ። ተክሉ ለዓሦቹ ኦክስጅን ይሰጣል፣ ዓሦቹም ተክሉን ይመግባሉ ብሎ ነው። ግን ቅጠሉ መበስበስ ጀመረና ውኃው ደፈረሰ። መድኃኒት ቤት የሚውል ሰው እንግዲህ ምን ቢጨምር ጥሩ ነው? ቀንድ አውጣ! ቀንድ አውጣዎቹ የበሰበሰውን በሉት፣ ውኃው ጠራ፣ ዓሦቹም ተረፉ። ውጤቱን በ1850 አሳተመ። በ1853 የለንደን የእንስሳት ማቆያ የዓሣ ቤቱን ለሕዝብ ከፈተ፤ በዓመቱ ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ባሳተመው መጽሐፍ «አኳሪየም» የሚለው ቃል በሰው አፍ ገባ።

የኔን ዓሣ የያዘውን ተባይ ደግሞ በ1876 ስም ያወጣለት ፉኬ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። ስሙ ሲተረጎም «ብዙ ልጆች ያሉት የዓሣ ቅማል» እንደማለት ነው። ቅማል እንኳ አይደለም፤ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት ነው። ዓሣው ቆዳ ሥር ገብቶ ይበላል፤ ሲጠግብ ወርዶ ገንዳው ወለል ላይ ይለጠፍና በመቶዎች ይከፋፈላል። ልጆቹ ሌላ ዓሣ ፍለጋ ይዋኛሉ፤ በሁለት ቀን ገደማ ካላገኙ ይሞታሉ። ቆዳ ሥር ሳለ መድኃኒት አይደርስበትም። የሚገደለው ውኃው ውስጥ ሲዋኝ ብቻ ነው። ስለዚህ ዓሣ ታሞብናል ስንል የምናክመው ውኃውን ነው።

ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ሙቀቱን በሁለት ቀን ውስጥ ቀስ አድርጌ ወደ 30 ዲግሪ አደረስኩት፤ ሲሞቅ የተባዩ ዑደት ይፈጥናል፣ ቶሎ ከቆዳው ይወጣል። የሞቀ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ስለሚያንስ የአየር ፓምፑን ጨመርኩ። በየሁለት ቀኑ ጠጠሩን በቱቦ እየመጠጥኩ የውኃውን ሩብ ቀየርኩ፤ አዲሱ ውኃ ክሎሪኑ የወጣለትና ሙቀቱ ከገንዳው ጋር እኩል መሆን አለበት። መድኃኒቱን ግማሽ መጠን ብቻ ነው የጨመርኩት፤ የሎች ቅርፊት በጣም ደቃቅ ስለሆነ መድኃኒት ቶሎ ይጎዳዋል።

በሽታው ከየት መጣ? ከኔ። ሳምንት ቀደም ብሎ ከሰፈር ሱቅ አንድ የምታምር ዓሣ ገዝቼ በዚያው ቀን ገንዳው ውስጥ ጨመርኳት። አሁን ተማሪዎቼ ሳቁ፣ ፈቅጃለሁ! ራጉሳ በ1377 ወረርሽኝ ካለበት የሚመጣውን ሰው 30 ቀን ለብቻ ታቆይ እንደነበር፣ ቀኑ በኋላ 40 ሲሆን «ኳራንቲን» የሚለው ቃል እንደመጣ ስንት ዓመት አስተማርኳችሁ? ፈተና ላይም አውጥቼዋለሁ። ቤቴ ሲደርስ ግን አንድ ባልዲ ውስጥ ለይቶ ማቆየት አቃተኝ። ታሪክ ማወቅና ከታሪክ መማር ለየቅል ናቸው።

የሎች ዘመድ እኛም አገር እንዳለ ታውቃላችሁ? ጣና ላይ፣ ባሕር ዳር የተገኘውን ትንሽ ዓሣ ቡላንዤ በ1902 በአቢሲኒያ ስም መዝግቦታል። የሱ ገንዳ ጣና ነው። እምቦጭ የወረረውን ውኃ እንደኔ ገንዳ ሩብ ሩቡን እየቀየርን አናክመውም፤ እዚያ ያለው መድኃኒት ሳይታመም መጠበቅ ብቻ ነው።

ነጥቦቹ ከሦስት ቀን በፊት ጠፍተዋል። ሕክምናውን ግን አላቋረጥኩም፤ የመጨረሻዎቹ ልጆች ገና ውኃው ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ።

ልጄ፣ ይህን የምታነቢ ከሆነ በስልክ ያልነገርኩሽ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው። አደራሽ አለ። ትናንት ማታ ከዋሻው ወጥቶ የዝኩኒ ቁራጩን ጨርሷል።